ልብ ሰፊ

ነሐሴ ነው። ናፖሊ እንደ ምድጃ ግላለች፤
ከታች ከመንገዱ አንዲት ቬስፓ ታለቅሳለች።
እኔ በእርሳስ ሽርጥ፣ በአሥር ኪሎ ጭነት፣
ቆሜአለሁ ከጎኑ፣ ከሳባቲኖ ደረት።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሱሪ መስፋት ነው ሥራው፤
በሳኒታ ሰፈር፣ ደረጃ ሥር ነው መኪናው።

አላስተኛነውም። የእጁ አንጓ ብቻ ደንዝዞ
በዚያች በጠባብ በር ሽቦዬ ገባ ተጉዞ፣
በክንዱ፣ በትከሻው፣ ዞሮ በደረቱ ቅስት፣
እስከ ልቡ ደጃፍ፣ እስከ መንታ መንገድ ፊት።
ቀለም ስንረጭበት ራጁ ላይ ታየኝ ቅርንጫፉ፤
ጥበቱ ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚያው መገንጠያው አፉ።

«ምን አየሽ?» አለኝ ቀና ሳይል፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ።
«ሱሪ» አልኩት፤ «እግሮቹ ሲለያዩ የጠበበ፣ ተሸብልሎ።»
ሳቀ። ሞኒተሩም ሳቀ፤ መስመሩ አንዴ ዘለለ።
«ሱሪ የሚቀደደው እዚያ ነው፤ ሌላው ጨርቅማ ምን በደለ!»

መምህሬ ዶክተር ሎፍሬዶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ሲያስተምረኝ እንዲህ ይል ነበር፤ «መቆጠብም ሙያ ነውና
አንድ መረብ ከበቃ፣ ሁለተኛውን ተዪው።
ብረት በብረት ላይ ሲደረብ ደም ያደባል፣ እወቂው።
ጎንዮሹን በሽቦ ብቻ ጠብቂ፤ ከጠራሽ ያኔ ግቢ።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ሽቦ በግንዱ፣ ሽቦ በጎኑ፤
አንዱን መረብ ከፈትኩ፤ ግንዱ ፈካ እንደ ቀኑ።
ጎንዮሹ ግን፣
ጎንዮሹ ጠፋ።
አሁን የነበረ ወንዝ፣ ጉቶ ሆኖ ተደፋ።

ሳባቲኖ ዝም አለ። ቆይቶ «እዚህ ጋ» አለ፣ «ከበደኝ።»
ነርሷ ኢማኮላታ በዓይኗ «ቶሎ በይ» አለችኝ።
በመረቡ ቀዳዳ ሽቦዬን ላኩ። ሳተ።
ደግሜ ላኩ።
ሳተ።
እሱ፣ ላቡ እስከ ጆሮው እየወረደ፣ ወሬ አመጣ፦
«ክር አልገባ ሲልሽ መርፌውን አትውቀሺ፤
ክሩን አርጥቢና ትንፋሽሽን መልሺ።»

ማን ነገረው? ፊቴ በጭንብል ተሸፍኗል፤
እጄንም አያይም፣ በመጋረጃ ተከልሏል።
ትንፋሼን መለስኩ። በአራተኛው ገባ።

ፊኛ ስነፋ ግን ግድግዳው እንደ አሮጌ ሐር ተተለተለ፤
መምህሬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁጠባ ምን መላ አለ?
የቀረኝን ብልሃት ባለሙያው «ሱሪ» ይለዋል፤
ሁለተኛው መረብ በፊተኛው ዓይን ሾልኮ ያልፋል፣
ወገቡ ከላይ ተደርቦ፣ ከታች በየእግሩ ተለክቶ፣
የተቀደደውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ተጠግቶ።
ከዚያ ሁለት ፊኛ ጎን ለጎን፣ ባንድ ጊዜ ተነፍተው
ይሳሳማሉ፣ እንላለን፤ መለያያውን አቃንተው።

ስሙን ነገርኩት። «ሱሪ? አሾፍሽብኝ?» አለ።
«በሃይማኖቴ» አልኩት።
«እንግዲያስ ብብቱን አታጥብቂ፤ ሰው መቀመጥ አለበት» አለ።

ቀለም ረጨን። በሁለቱም እግሮቹ ደሙ ተራመደ፤
ሳባቲኖ ቃተተ፤ ድንጋዩ ከደረቱ ወረደ።
እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ ለአንድ ቀን ልብ ሰፊ፤
ግን ከሁለታችን ሰፊው ልብ የማን እንደነበር
የተንቀጠቀጠው እጄ ያውቃል፤ እኔ አልናገር።

የካቲት ላይ ተመልሶ መጣ፣ ዝናብ በኮቱ ላይ።
ኪኒኑን አያጓድልም፤ ደረጃውን ሳያርፍ ይወጣል።
መረቦቹ ይቆያሉ? አላውቅም። አሃዙን አውቃለሁ፤
ሳባቲኖን ግን አሃዙ አያውቀውም።
«ስፌቱስ?» አለኝ።
«አይታይም» አልኩት።
«ጥሩ ነዋ።»
ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬ ላይ ዘረጋ፦
«ግራው ዝቅ ብሏል። ያ ከባድ ሽርጥ ነው የጎዳሽ፤
ነገ ይዘሽው ነይ፣ ማንገቻውን ላስተካክልልሽ።»
«እርሳስ አይሰፋም» አልኩት።
«ልብም አይሰፋም ነበር» አለኝ፣ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ።